ከአሱር በኋላ የመጣ ሰላምታ

ከደጋ የሚወርደውና ከቆላ የሚወጣው ነጋዴ በሚገናኝባት፣ ያወጉኝ አባቶች ስሟን ባልነገሩኝ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ሸህ ሙዘሚል የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ይኖሩ ነበር። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጅ ፊቅህ፣ የሸሪዓን ሕግ፣ ያስተምራሉ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሱቃቸውን ይከፍታሉ። ጨርቅ ሲለኩ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ከዚያ ላይ ጥቂት ጣት ጨምረው ነበር የሚቆርጡት። «ጣቱ ለምንድን ነው?» ሲባሉ «ክንዴ አጥር እንደሆነ ማን ያውቃል?» ይላሉ። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ።

ከተማዋ ግን የምትኮራባቸው በጨርቃቸው አልነበረም፣ በዝምታቸው ነው። ሸህ ሙዘሚል ከቀትር በኋላ ካለው ከአሱር ሶላት ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ፣ ከሰው ጋር አይነጋገሩም። በቤታቸው የደጃፍ ክፍል ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ መጋረጃውን ጥለው፣ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሓቸውን፣ እየቆጠሩ የዕለት ዊርዳቸውን፣ አሏህን የሚያወሱበትን ውዳሴ፣ ያደርሳሉ። በዚያ ሰዓት ሰው ቢሞት እንኳ አይነገራቸውም። አህያ ነጂው በበራቸው ሲያልፍ «ሂድ!» ማለቱን ትቶ አህያውን በእጁ እየገፋ ያሳልፈው ነበር ይባላል። እንግዳ ወደ ከተማዋ ሲመጣ ሰዉ በዚያ በኩል ይወስደውና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መጋረጃውን ያሳየዋል። እንግዲህ የሰው ልጅ ነውና ሌላው ሲፆም እኛ ጸደቅን ማለት እንወዳለን፤ የሸሁ ዊርድ የከተማው ሁሉ ኢባዳ፣ የከተማው ሁሉ አምልኮ፣ መስሎ ነበር።

በዚያ ዘመን ቃዲ ሙኽታር የሚባሉ አዲስ ቃዲ ተሾሙ። ቃዲው ገና ወጣት ሳሉ የሸህ ሙዘሚል ደረሳ ሆነው ፊቅህ የተማሩ ናቸው። እንደተሾሙ ያገኙት የክርክር ክምር ለጉድ ነበር። ከሁሉ የበዛው ደግሞ የሹፍዓ ክርክር ነው። ሹፍዓ ማለት ሰው ቤቱን ሲሸጥ ከሩቅ ገዢ ይልቅ ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት በዚያው ዋጋ የመግዛት ቅድሚያ ያለው መሆኑ ነው። መልካም ሕግ ነው። ሰው የማያውቀው ክፉ ጎረቤት ድንገት እንዳይመጣበት ይጠብቀዋል። እኛ ግን መልካሙንም ነገር ስንይዘው እናጎብጠዋለን። ገዢው ገብቶ፣ ጣሪያውን ከድኖ፣ ግድግዳውን ለጥፎ ሲያበቃ ጎረቤት ይነሳና «መሸጡን አልሰማሁም ነበር፤ ሹፍዓዬን አምጡ» ይላል። ያማረውን ቤት በአሮጌው ዋጋ ይወስዳል።

ቃዲ ሙኽታር ይህን ሊዘጉ አዲስ ደንብ አወጡ። ሻጭ ከመሸጡ በፊት በጎረቤቱ በር ቆሞ ይንገር። ጎረቤት የሚፈልግ ከሆነ በሰማበት ቦታ «እፈልገዋለሁ» ይበል። ሰምቶ ዝም ካለ ሐቁ ወደቀ። አልሰማሁም የሚል ደግሞ በአሏህ ስም ይማል፤ ከማለ ይወስዳል። ይህ ደንብ ከወጣ ወዲህ ከተማዋ ያበደች መሰለ። ሰዉ ገበያውን ትቶ ችሎት ይውል ጀመር። በርበሬ የምትሸጥ ሴት እንኳ ዋጋ ጠርታ ገዢው ዝም ሲል «ሰምተሃል፣ ዝም ብለሃል፣ ሐቅህ ወድቋል!» እያለች ታስቀው ነበር። ዛሬ አዲስ አዋጅ ወጣ ሲባል ሳናነበው ቀዳዳውን የምንፈልግ ሰዎች በዚያን ጊዜዎቹ መሳቅ አንችልም።

ወደ ሸሁ እንመለስ። ሸህ ሙዘሚል ሰዕዲያ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሩቅ አገር ተድራ ባሏ ሞተባትና የቲም ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ተመለሰች። የሸሁ ቤት ጠባብ ነው፤ ሱቁም እዚያው ውስጥ ነው። ልጆቹ በጨርቅ ጥቅልሎቹ መሃል እየተሸጎጡ ይተኛሉ፤ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት በእንቅልፍ ልባቸው ይነሳሉ። ሰዕዲያ አትናገርም እንጂ መከፋቷ ከፊቷ ይነበብ ነበር። ግድግዳ የሚጋራቸው ቤት የአንዲት አሮጊት ነበር። አሮጊቷ ወደ አኺራ ሲሄዱ ቤቱን ሸምሱ የሚባል የወንድማቸው ልጅ ወረሰው። ሸምሱ የሚኖረው ከከተማው ማዶ ስለሆነ ቤቱን መሸጡ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል። ሸሁም ዋጋውን አዘጋጅተው «ኢንሻአሏህ ያ ቤት የሰዕዲያ ነው። በግድግዳው በኩል የልጆቹን ሳቅ እየሰማሁ አረጃለሁ» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከአሱር በኋላ ሸምሱ መጣ። ሰዕዲያ ልጆቿን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፤ በአካባቢው ሰው አልነበረም። ሸምሱ መጋረጃው አጠገብ ቆሞ «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሸህ ሙዘሚል» አለ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጣበትን ተናገረ። የአክስቱን ቤት ጦሃ ለሚባል ኮርቻ ሰፊ ሊሸጥ ተስማምቷል፤ ዋጋውም ይህ ነው፤ ሸሁ ይፈልጉታል ወይስ ይሽጥ? ጥቂት ቆመ። ከመጋረጃው ጀርባ የሙስበሓው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሸምሱ ሄደ።

ሸሁ ሰምተዋል። ሰላምታውንም፣ ነገሩንም፣ ዋጋውንም አንድ ሳይቀር ሰምተዋል። ልባቸው ደንገጥ አለ። ግን ዊርዳቸው መሃል ላይ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ያልሰበሩትን ዝምታ ለቤት ብለው ሊሰብሩት ነው? ለዱንያ? «ልጨርስና እሄዳለሁ» አሉ በልባቸው። መግሪብ ሆነ፤ ከመግሪብ በኋላ ከሩቅ አገር አንድ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ መጡባቸውና ነገሩ አደረ። ጠዋት ሸምሱ ጋ ሲደርሱ ውሉ በቃዲው ጸሐፊ ፊት ተፈርሞ አልቋል።

ሸሁ አዝነው ሲመለሱ መንገድ ላይ ያገኛቸው ዘይኑ ነበር። ዘይኑ በከተማዋ አንደኛ የተባለ የችሎት ወኪል ነው፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል።

«ሸሃችን፣ ይህ እንዴት ያለ ንቀት ነው!» አለ ገና ከሩቁ። «አገር የሚያውቀውን የዊርድ ሰዓት ጠብቆ መጥቶ ነገርኩ ይላል? ይህ እኮ ለግድግዳ መንገር ነው!»

«እኔም የተሰማኝ እንደዚያው ነው» አሉ ሸሁ። «በዚያ ሰዓት መልስ እንደማልሰጥ ያውቃል። ሐቄ የወደቀ አይመስለኝም። ግን ቃዲው ይዩት።»

«ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ውሸት እንዳትጨምርበት።»

«አዑዙቢላህ! እኔንና ውሸትን ምን አገናኘን?»

ብዙ ጊዜ ይገናኙ ነበር። ሸሁ ግን ችሎት ውለው ስለማያውቁ ይህን አላወቁም።

የቀጠሮው ቀን ከተማዋ ነቅላ ወጣች። የቃዲው አዳራሽ ሞልቶ ሰዉ በመስኮት ተንጠልጥሏል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ሰዕዲያም ትንሿን ልጇን አቅፋ በመሃላቸው አለች። ፍርዱ በማን ወገን እንደሚሆን የተጠራጠረ አልነበረም። ሸሃችን በአንድ በኩል፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኮርቻ ሰፊ በሌላ በኩል! ቃዲ ሙኽታር ብቻ ፊታቸው አልፈታ ብሎ ነበር። መምህርን ከፊት አቁሞ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ደረሳ የነበረ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ዘይኑ ተነሳ። ስለ ጎረቤት ሐቅ፣ ስለ የቲሞች፣ ስለ ሸሁ ደግነት አሳምሮ ተናገረና በመጨረሻ እንዲህ አለ። «ሸሃችን በዚያ ሰዓት በዊርድ ላይ ነበሩ። ሸምሱ ተናግሮ ከሆነም ነገሩን አልሰሙም። ስላልሰሙም ሐቃቸው አልወደቀም።»

ሸሁ ቀና አሉ። ይህን ቃል ከዘይኑ አፍ ሲሰሙት ገና አሁን ነው። ሊናገሩ ሲሉ ቃዲው «ተራዎ ሲደርስ፣ ሸህ» አሏቸው በትሕትና።

ሸምሱ ተጠየቀ። «በደንቡ መሠረት በራቸው ቆሜ ተናግሬአለሁ» አለ።

«ምስክር አለህ?» አሉ ቃዲው።

«የለኝም። ሸሁ ጋ ምስክር ይዞ መሄድ እሳቸውን መድፈር መሰለኝ።»

«የዊርዳቸውን ሰዓት አታውቅም ነበር?»

«አውቃለሁ» አለ ሸምሱ አንገቱን ደፍቶ። «ግን እኔ ቀን ሙሉ ከብት ገበያ ነኝ። ከአሱር በፊት መምጣት አልችልም፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ማዶ ቤቴ መመለስ አለብኝ። ገዢው ሌላ ሰው ቢሆን ቆይ እለው ነበር፤ ጦሃ ግን ልጆቹን ይዞ በነጋዴ ማደሪያ ከበቅሎ ጋር ነው የሚያድረው። አሳዘነኝ። ቢያንስ አንዲት ቃል ይሉኛል ብዬ ቆምኩ። ወላሂ፣ ቤቱን ተዉት፤ ሰላምታዬ እንኳ ሳይመለስልኝ ነው የሄድኩት።»

በአዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። አንዱ «ሸሃችንን ይወቅሳል እንዴ!» አለ። ሸህ ሙዘሚል ግን እጃቸው ላይ የነበረውን ሙስበሓ ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቀጥሎ ጦሃ ተነሳ። እጆቹ በመርፌና በጠፍር የሻከሩ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። «እኔ ከሸሁ ጋር ክርክር የለኝም» አለ። «እሳቸው የሚጠሉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ቃዲ፣ በዚህች ከተማ ቤት ስገዛ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። በታች ሰፈር ገዛሁ፣ ጎረቤት በሹፍዓ ወሰደው። በወንዙ በኩል ገዛሁ፣ አሁንም ጎረቤት ወሰደው። ገንዘቤ ይመለስልኛል፣ እሱ ላይ አልተበደልኩም። ግን እዚህ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ጎረቤት አለው። እኔ የማንም ጎረቤት አይደለሁም። የማንም ጎረቤት ያልሆነ ሰው በየት በኩል ገብቶ ጎረቤት ይሆናል? ይህን ይንገሩኝና ልሂድ።»

ቃዲ ሙኽታር ብዙ ክርክር ሰምተዋል፤ ይህ ግን በተማሩት ኪታብ ውስጥ መልሱ ፈጥኖ የማይገኝ ጥያቄ ነበር። ቢሆንም ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ነገር ነው። ወደ ሸህ ሙዘሚል ዞሩ።

«ሸህ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመምህራቸው ዓይን እያሸሹ። «ሸምሱ ምስክር የለውም። እርስዎ አልሰማሁም ካሉ መሐላው ወደ እርስዎ ነው። ወኪልዎ ያሉት እውነት ከሆነ ይማሉ፤ ቤቱም የእርስዎ ይሆናል።»

ዘይኑ ወደ ሸሁ ጠጋ ብሎ ሹክ አላቸው። «የዊርድ ላይ ጆሮ ጆሮ አይደለም፣ ሸሃችን። ልብዎ ከአሏህ ጋር ነበር። ልብ ያልሰማውን ጆሮ ቢሰማው እንዳልተሰማ ነው። ይማሉ፤ ምንም የለበትም።»

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዘይኑ ያለው ነገር ጅልነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ችግር ነበረው? ቆንጆ ነገር ነው እንጂ! ሸሁን የሚያስመሰግን ውሸት ነው። «በዚክር ከመጥለቃቸው የተነሳ የሰው ድምፅ አይሰሙም» ተብሎ ለትውልድ ይወራላቸው ነበር። ቤቱም ይገኛል፣ የቲሞቹም ይገባሉ፣ ከተማውም ደስ ይለዋል። ሸይጧን ለተራ ሰው ተራ ውሸት ያቀርብለታል፤ ለሸህ ግን ጥምጥም ያሰረ ውሸት ነው የሚያቀርብለት።

ሸህ ሙዘሚል ወደ ሴቶቹ ወገን አዩ። ሰዕዲያ ትንሿን ልጅ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ታያቸዋለች። በዓይኗ ውስጥ የሚለምን ነገር አለ። ሸሁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ልጃቸውን ይወዷታል። ከዚያ ተነሱ። ወደ ቃዲው ግን አልዞሩም። ወደ ሸምሱ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ።

«ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ልጄ ሸምሱ።»

ሰዉ ግራ ገባው። አረጁ እንዴ? ያለ ሰዓቱ ሰላምታ ምንድን ነው? ዘይኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። ቀድሞ የገባቸው ቃዲው ነበሩ፤ ፊታቸው ተለወጠና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ቀጥሎ ሸምሱ ገባው፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«በሬ ላይ ቆመህ ያልከኝን ሰላምታ ነው የመለስኩልህ» አሉ ሸሁ። «ሰምቼው ነበር። ሌላውንም ሁሉ ሰምቻለሁ፣ ዋጋውን ጭምር። ወኪሌ ስለኔ የተናገረው ትክክል አይደለም፤ እኔም በዊርድ ሰዓት የተነገረ አይቆጠርም ብዬ መምጣቴ ትክክል አልነበረም። ሰላምታ መመለስ ዋጂብ ነው፣ ግዴታ ነው፤ ዊርዴ ግን በራሴ ላይ የጨመርኩት ነው። የጨመርኩትን ይዤ የታዘዝኩትን ጣልኩ። ቃዲ ሙኽታር፣ ይህን አስተምሬህ ነበር አይደል?»

«አስተምረውኛል፣ ሸህ» አሉ ቃዲው።

«እንግዲያው በተማርከው ፍረድ።»

ቃዲ ሙኽታር ፈረዱ። ሸሁ ሰምተው ዝም ብለዋልና ሹፍዓቸው ወድቋል። ቤቱ የጦሃ ነው። ፍርዱ ሲነበብ እልል ያለም ያጨበጨበም አልነበረም። ጦሃ ራሱ ደስ ማለት አፍሮ ቆሞ ቀረ። ሸሁ በአጠገቡ ሲያልፉ ትከሻውን ያዝ አደረጉና «በየት በኩል እንደምትገባ ጠይቀህ ነበር፤ በበሩ ነው የምትገባው። መርሐባ» አሉት።

እስከዚህ ያለው ለሰሚ ያምራል። ወደ ቤት ያለው መንገድ ግን ረዥም ነበር። ሰዕዲያ ከፊት ከፊት ሄደች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም። ቤት ሲደርሱ የጨርቅ ጥቅልሎቹ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።

«አባዬ፣ አንድ ቃል እኮ ነበር» አለች።

«አዎ ልጄ፣ አንድ ቃል ነበር» አሉ ሸሁ። «ሸምሱ በሬ ላይ ቆሞ ሳለ ‹እፈልገዋለሁ› ብል ኖሮ ዛሬ ቤት ነበረሽ። ያን ቃል ያኔ ነፈግኩሽ። ዛሬ የተጠየቅኩት ሌላ ቃል ነው፤ እሱን ብሰጥሽ ልጆችሽን በእሳት ላይ ማስተኛት ይሆንብኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ፣ ዕዳው ያንቺ ሆነ። አፉ በይኝ።»

ሰዕዲያ አባቷ ይቅርታ ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም። «ወላሂ ተናድጄብዎታለሁ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ይቅር ማለቱንም እላለሁ፤ ዛሬ ግን አይደለም።»

«ዛሬ ካልሆነ ነገ በይኝ። እቆያለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ሸሁ ጥቅልሎቹን በሙሉ አውጥተው ለአንድ ወዳጃቸው ሱቅ በአደራ ሰጡ። ውስጠኛውን ክፍል ሁሉ ለሰዕዲያና ለልጆቿ ለቀቁ። ለራሳቸው ሰሌናቸውን የደጃፉ ክፍል ውስጥ አነጠፉ። ጨርቁን ከዚያ ወዲያ የሚሸጡት በወዳጃቸው ሱቅ ጥግ ቆመው ነበር። ገቢው ቀነሰ፤ ልጆቹ ግን እግራቸውን ዘርግተው ተኙ። ሰዕዲያም ይቅርታውን ለመስጠት ብዙ አልቆየችም።

ጦሃ ከነቤተሰቡ ገባ። ቆዳና ጠፍር፣ የተሰፋና ያልተሰፋ ኮርቻ ይዞ መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቆዳ ቆዳ አለ። ሚስቱ ቤት ባገኘች በሳምንቷ የሰዕዲያን ልጆች ከራሷ ልጆች ጋር ቀላቅላ ታበላ ጀመር፤ የማን ልጅ የቱ እንደሆነ የሚለይ ጠፋ። ሸሁ የተመኙት የልጆች ሳቅ በግድግዳው በኩል ይመጣ ጀመር፤ የማያውቋቸውም ልጆች ሳቅ ተቀላቅሎበት።

አንድ ቀን ከአሱር በኋላ ነው። ሸሁ መጋረጃቸው ጀርባ ተቀምጠዋል። ጦሃ የጋራውን ግድግዳ ሊለጥፍ ጭቃ አቡክቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ፣ ሰዓቱን ረስቶ በሸሁ በር ቆመ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሸህ! ግድግዳውን በእናንተ በኩል ልለጥፈው ነበር፤ ልግባ?» አለ ጮክ ብሎ።

መንገደኛው ባለበት ደረቀ። አንድ አህያ ነጂ ጦሃን በእጁ ምልክት ዝም ሊያሰኘው ሞከረ። ጦሃም ሰዓቱ ትዝ ሲለው ጭቃማ እጁን አፉ ላይ ሊያደርግ ነበር።

ከመጋረጃው ጀርባ ሙስበሓው ሰሌን ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። «ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ጦሃ። ግባ ግባ፣ መሰላሉ ጓሮ ነው። ሰዕዲያ፣ ለጎረቤታችን መሰላሉን አሳዪው» አሉ ሸሁ። ከዚያም «የት ደርሼ ነበር?» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙና ሙስበሓቸውን አነሱ።

ሰዕዲያ ጓሮ ቆማ ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ ሰዓት የአባቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። በልጅነቷ ወድቃ ጉልበቷ ሲቆስል እንኳ መግሪብ እስኪሆን ጠብቃ ነበር የምትነግራቸው። አሁን ሳቋ መጣ፤ ሳቁ መሃል እንባ ገባበት። እንባዋን እየጠረገች መሰላሉን ተሸክማ ወጣች።

ወሬው ፈጥኖ ከተማውን አዳረሰ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ቅር አላቸው። ሸሃችን ዊርዳቸውን ሰበሩ፤ የከተማው በረካ ሊሄድ ነው ተባለ። አሁን አህያውም እንደ ልቡ ሊያናፋ ነው! በመጨረሻ ቃዲ ሙኽታርን ላኩባቸው። ቃዲውም ከአሱር በኋላ ሄደው በሩ ላይ ቆሙና ሰላምታ ሰጡ። ወዲያው መልስ አገኙ፤ ግቡም ተባሉ።

«ሸህ» አሉ ቃዲው ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጠው። «ያን ያህል ዘመን የጠበቁትን ዝምታ መተው አልከበደዎትም?»

ሸህ ሙዘሚል ፈገግ አሉ። «አሏህ ይታገሠኝ ነበር፣ ሙኽታር። በሬ ላይ የቆመው ሰው ግን መሄድ ነበረበት» አሉ።

ይህን ታሪክ የነገሩኝ አባቶች እዚህ ሲደርሱ ዝም ይሉ ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልበትም። ብዙዎች ሸህ ሙዘሚልን የሚያወድሷቸው በሐሰት ባለመማላቸው ነው። እሱማ ኢማን ያለው ሁሉ ሊያደርገው የሚገባ ነው፤ እሳት የሚፈራ ሰው እጁን ከእሳት ቢያወጣ ምን ይደንቃል? የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ችሎት ፊት የቆመ ሰው ሁሉ የሚያየው የሌላውን ጥፋት ነው። ሸሁ ግን የራሳቸውን ጥፋት ፈለጉ፤ ያገኙትም ወንጀላቸው ውስጥ አልነበረም፣ ከተማው ሁሉ በሚያደንቀው ኢባዳቸው ውስጥ ነው። በወንጀሉ የሚያፍር ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በተደነቀበት መልካም ሥራ የሚያፍር ሰው ግን ጥቂት ነው።

እኛስ? መዝገባችን የሞላው ባልሰማነው ነገር ይመስላችኋል? የሚስታችንን እሮሮ ሰምተናል። የወንድማችንን የውርስ ድርሻ ጥያቄ ሰምተናል። የሠራተኛችንን «ልጄ ታሟል» ሰምተናል። ሰምተን ዝም ብለናል፤ በኋላ ክስ ሲመጣ ጠበቃ ይዘን «አልሰማንም» እንላለን። ከእነዚህ መዝገቦች ስንቱ፣ በር ላይ ለቆመ ሰው በጊዜው አንድ ቃል ብንመልስለት ኖሮ፣ ጭራሽ አይከፈትም ነበር! ፍርድ ቤቱ በምስክርና በመሐላ ይፈርድልን ይሆናል። በቂያማ፣ በመጨረሻው የፍርድ ቀን፣ ግን የተሰማው ነገር ሁሉ ራሱ ይናገራል፤ ያኔ ወኪል የለም፣ የዊርድ ጆሮ የሚባልም የለም።

አሏህ የሰማነውን «ሰምቼ ነበር» ለማለት የማናፍር ያድርገን። ሰላምታ የቀረበት ጎረቤት ካለንም፣ ሳይመሽብን ያስመልሰን። አሚን።